ያልተፈታው ጥቅል

ቦሌ አራብሳ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጃለታ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? የሮቤ ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? ሰኚ ደህና ናት? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ያህል ዝም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፈውልኝ አልመለስኩም። ሥራ በዛብኝ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ የምጽፈው ይጠፋኛል።

ልደውልልዎ አስቤ ነበር። የስልክ ድምፅ ለጆሮዎ እንደማይለይ አውቃለሁ። መልእክት ብልክ ደግሞ የምታነብልዎ ልጅዎ ሰኚ ናት። ይህ በእኔና በእርስዎ መካከል እንዲሆን ስለፈለግሁ ለሮቤው አውቶቡስ ሹፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። መልሱንም በእሱ ይላኩልኝ።

ሙያውን ላስተማሩኝ ለእርስዎ የማቀርበው የሥራ ጥያቄ ነው። የወይዘሮ አፀደን ቀይ መኪና ያስታውሷት ይሆናል። ሁለት በር፣ የጃፓን፣ የ1978 ስሪት፤ የፊት መብራቶቿ ሲጠፉ ኮፈኑ ውስጥ የሚተኙ፣ ሲበሩ ተነስተው የሚቆሙ። ወይዘሮ አፀደ ጡረታ ወጥተው አሁን እዚሁ አራብሳ፣ ከእኔ ሁለት ሕንፃ አልፎ ይኖራሉ። ባለቤታቸው አቶ ገረመው ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ እጥበት ያደርጋሉ። ተራቸው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ ከቤት የሚወጡት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ ነው። የሚነዱት ወይዘሮ አፀደ ናቸው።

ባለፈው ሰኞ መኪናዋን አሁን የምሠራበት ጋራዥ አመጡልኝ። የቀኙ መብራት እያመነታ ይነሳል፣ አንዳንዴም ሁለቱም ግማሽ ላይ ይቀራሉ አሉኝ። መብራቶቹን የሚያነሱትን ትንንሽ ሞተሮች የሚያዘው ሪሌ ውስጡ ጠቁሮ አገኘሁት፤ ቀየርኩት። ሞተሮቹን አውርጄ አጸዳሁ፣ ግሪስ ቀባሁ። ግቢ ውስጥ ሃያ ጊዜ አስነስቼ አስተኛኋቸው፤ አንድም ጊዜ አላመነቱም።

ጥያቄዬ ይኸውልዎ። ማብሪያው እንደበራ፣ ማንም ሳይነካው፣ መብራቶቹ በራሳቸው ሊወርዱ ይችላሉ? መኪናው እየሄደ? ከወረዱስ ፍተሻው ከየት ይጀመራል? ሌላም ልጠይቅዎ፤ ገርጂ ጋራዥ ሳሉ በዚህች መኪና ላይ ሠርተው ያውቃሉ?

መኪናዋ አሁን ግቢያችን ቆማለች። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። የሚያስቸኩል ነገር ኖሮ አይደለም፤ እንዲሁ ነው።

ልጅዎ ዕፀገነት


ሮቤ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣

አካም ጅርታ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። ሰኚ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ናት። ደብዳቤሽን ሳነብ «ከማን ነው?» አለችኝ፤ «ከሥራ ነው» ብዬ አለፍኳት። ዝም በማለትሽ አልተቀየምኩም። ሰው ዝም ሲል ደህና ሆኖ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

በራሳቸው ይወርዳሉ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ይወርዳሉ። ሪሌው መብራቶቹን አቁሞ የሚይዘው ከማብሪያው የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ነው። ያቺ አንዷ ሽቦ ለአፍታ ከተቋረጠች፣ ሰውየው አጥፍቶታል ብሎ ያስተኛቸዋል። አምፖሎቹ እየበሩ እንኳ ሊያስተኛቸው ይችላል። ሽቦዋ ስትገናኝ ደግሞ መልሶ ያነሳቸዋል፤ ያየ ሰው ምንም እንዳልሆነ ነው የሚያስበው።

መጀመሪያ ሞተሩ ራስ ላይ ያለውን ማዞሪያ በእጅሽ አዙሪው። ከከበደሽ ጥፋቱ የብረቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ተዪው። ቀለል ብሎ ከዞረ ማሳውን፣ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ፣ እዪ። ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ብሎን ከዛገ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ከዚያ መብራቱ በተነሳና በተኛ ቁጥር የሚታጠፉትን ሽቦዎች በጣትሽ እያጎበጥሽ ዳብሺያቸው። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ስንቱን አሞኝቷል። ይህን ስታደርጊ ሰው መኪናዋን ይነቅንቅልሽ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩ ያልሽው ቆማ ነው፤ የቆመ መኪና በሽታውን አይናገርም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ግቢ ውስጥ አንድም ጊዜ ካልወረደ፣ መውረዱን ማን አየ? የት? ስንት ሰዓት ላይ? ስለ መብራቱ ብዙ ጽፈሽ ስለ ሰዎቹ ምንም አላልሽም። «የሚያስቸኩል ነገር ኖሮ አይደለም» ያልሽበት ቦታ ላይ ደግሞ እስክሪብቶሽ ወረቀቱን ቀዶታል።

ፊደሉን ታገሺኝ።

ጃለታ


ቦሌ አራብሳ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጃለታ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ እሑድ ደረሰኝ። ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ።

ያዘዙኝን አንዱንም አላደረግሁም። መኪናዋ ግቢያችን አይደለችም፤ ዋሽቼዎታለሁ። ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ነው ያለችው።

ሐሙስ ሰኔ 19 ንጋት ላይ ወይዘሮ አፀደ አቶ ገረመውን ይዘው ከአራብሳ ወደ ጎሮ ይወርዱ ነበር። ይዘንባል። ድንጋይ ንጣፉ አልቆ አስፋልቱ ሲጀምር መንገዱ ድንገት ጨለመባቸው። ፍሬን ያዙ። ላጲሶ የሚባል ሰው ዳሩን ይዞ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር፤ ለሚ ኩራ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ ብሎኬት ተሸካሚ ነው። መቱት። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሕይወቱ ተርፏል። ይህን «ሕይወቱ ተርፏል» የሚለውን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጽፌ ነበር፤ እሱን ከጻፍኩ ሌላውንም ሁሉ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው ብዬ ወረቀቱን ቀየርኩ።

ሰው ሲሰበሰብ መብራቶቹ ተነስተው ይበሩ ነበር። መርማሪው አይቶ «መብራት ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አፀደ «ወርዶብኝ ነበር» ቢሉ ማን ይመናቸው። አቶ ገረመው በዚያ ሰዓት ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚሄዱ ምንም አላዩም። ወይዘሮ አፀደን ሁለት ቀን ይዘው በዋስ ለቀዋቸዋል።

እኔንም ጠርተውኝ ነበር። ምን ሠራሽ አሉኝ፤ ሪሌ ቀየርኩ፣ ሞተር አጸዳሁ አልኩ። ሌላ የነካሽው አለ ወይ አሉኝ፤ የለም አልኩ። ፈረምኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ከፈረምኩ ወዲህ ግን ምግብ አልበላ ብሎኛል። በየንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ዓይኔ ይገለጣል፤ ዝናብ ካለ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ከሌለም እዘጋለሁ።

የእኔ እጅ ነው ወይ ያንን ሰው ያስመታው? እሱን ማወቅ ነው የምፈልገው። አንዱን ጥያቄዬን፣ በመኪናዋ ላይ ሠርተው ያውቁ እንደሆነ፣ አልመለሱልኝም።

ዕፀገነት


ሮቤ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዕፀገነት፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሠርቻለሁ። ክረምት ነው፣ 1996። መኪናዋን ያመጡልኝ አቶ ገረመው ነበሩ። ከመሪው በታች፣ በግራ በኩል፣ የሽቦዎቹ መገናኛ ቀልጦ ነበር። ቆርጬ ጣልኩት፤ ሽቦዎቹን በእጄ ጠምዝዤ አያያዝኳቸውና በቴፕ ጠቀለልኩ። መበየድ ነበረብኝ። ገርጂ መብራት ጠፍቶ ስለነበር መበየጃው አልሞቀም። አቶ ገረመው ለቅሶ ሊደርሱ ደሴ ለመሄድ ተነስተዋል፤ ቆመው ይጠብቁኛል። «ለጊዜው ያደርስዎታል፤ ሲመለሱ ያምጡት፣ እበይደዋለሁ» አልኳቸው።

አላመጡትም። እኔም አልጠራኋቸውም። ወዲያው ረሳሁት ብል እዋሻለሁ። ለጥቂት ወራት ቀይ መኪና ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የረሳሁት። ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ ገና «ቀይ መኪና» ከሚለው ላይ ስደርስ፣ ታወሰኝ። ስለ ማሳና ስለ ሞተር ያን ሁሉ የጻፍኩልሽ ጥፋቱ እዚያ በተገኘ ብዬ ስለተመኘሁ ነው።

ከተጠቀለሉት አንዷ ከማብሪያው ወደ ሪሌው የምትሄደው ሽቦ ናት።

አንቺ እንዳትነኪው። መርማሪው ዘንድ ሄደሽ ንገሪው። እሱ ባለበት ሌላ ባለሙያ ይፍታው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመሪው ሥር ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ ያለውን አንቺ ልታውቂ የምትችይበት መንገድ አልነበረም፤ እንቅልፍሽን ተኚ።

ጃለታ


ቦሌ አራብሳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ጃለታ፣

አይቼዋለሁ።

የዚያን ሰኞ ፕላስቲኩን አንስቼ ነበር። ሪሌውን ከቀየርኩ በኋላ ከማብሪያው የሚመጣውን ሽቦ ልከተል ብዬ ነው። ጥቅሉን አገኘሁት። ቴፑን ጨርሶ ጫፉን በጥቁር ክር የሚያስር ሰው ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ እፈታው ነበር። እጄን አስጠግቼ መለስኩት። የጋሽ ጃለታን ሥራ የምፈታ እኔ ማን ነኝ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ እዚህ ደርሰው ነበር ብዬ። ፕላስቲኩን መልሼ አጠበቅሁት።

ስለዚህ ሠርተው ያውቃሉ ወይ ብዬ የጠየቅሁዎት ሳላውቅ አይደለም። አልሠራሁም እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

ለመርማሪው አልነገርኩም፤ አልነግርምም። እርስዎም አይጻፉ። በስድሳ ስምንት ዓመትዎ፣ በዚያ ጉልበት፣ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማየት አልፈልግም። እውነቱን ልንገርዎ ካልኩ ደግሞ ለእርስዎ ብቻ ብዬ አይደለም። ጥቅሉ ከተፈታ «አይተሽው ነበር?» ይሉኛል። «ሌላ የነካሁት የለም» ብዬ ፈርሜያለሁ። አልነካሁትም፤ እውነት ነው። ግን እንደዚያ ዓይነት እውነት ምን ይባላል?

ሌላ ነገርም አለ። ባልነግርዎ ይሻለኝ ነበር። ወይዘሮ አፀደ «መብራቱን ማብራት ረስቼ ይሆናል» ማለት ጀምረዋል። ምድጃውን ሳላጠፋ ወጥቼ እንደሆነ ብለው ከደረጃው ሦስት ጊዜ ይመለሳሉ። እናታቸው በመጨረሻ ልጆቻቸውን መለየት አቅቷቸው ነው የሞቱት። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ነበር። «የእናቴ ነገር መጣብኝ፤ ሰው የመታሁት እኔው ነኝ፣ አእምሮዬ ነው» ብለው አለቀሱ። መርማሪው ዘንድ ተመልሰው ቃላቸውን ሊለውጡ ነው። እኔ ሻይ ቀዳሁላቸው።

አቶ ገረመውን አሁን ራይድ ታክሲ ነው የሚወስዳቸው። ቅዳሜ በዝናቡ ምክንያት ሳይመጣ ቀርቶ እጥበታቸው አለፈ። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸዋል።

ምን ላድርግ?

ዕፀገነት


ሮቤ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዕፀገነት፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህኛው ከሦስቱ ለዘብ ያለው ነው።

ምን ላድርግ ትያለሽ። የምታደርጊውን ታውቂዋለሽ። አንዲት ሴት አእምሮዬ ከዳኝ ብላ ፊትሽ ስታለቅስ፣ አለመክዳቱን እያወቅሽ ሻይ ትቀጂላታለሽ? ለእኔ አስበሽ ከሆነ አላሰብሽልኝም። የሮቤን ፀሐይ እየሞቅሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አሮጊት በእኔ ሽቦ ምክንያት ራሷን ስትጠራጠር ልኑር? ላጲሶ የሚባለውም ሰው ማን እንደመታው የማወቅ መብት አለው።

ሥራዬን አክብረሽ አለመፍታትሽ ጥፋቱ የእኔም ነው። ስምንት ዓመት ሳስተምርሽ «የማንም ይሁን ፈትተሽ እዪ» እያልኩ የራሴን ስትፈቺ ግን ፊቴን አጠቁር ነበር። አስታውሳለሁ።

ለሰኚ ሁሉንም ነገርኳት። በማግስቱ ሻንጣዬን አዘጋጀች። አብራኝ ትመጣለች። ሐሙስ ሐምሌ 17 ማታ ላይ እንገባለን፤ የምናርፈው ገርጂ የወንድሜ ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ትራፊክ ፖሊሱ በር ላይ ጠብቂኝ። አብረን እንገባለን። የምትይው ከጠፋሽ እኔ እጀምራለሁ፤ አንቺ ትጨርሻለሽ።

ጃለታ


አዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕፀገነት፣ ደብረ ብርሃን፣

ዓርብ እስከ አራት ሰዓት በር ላይ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ሄድኩ፤ የሕንፃው ጥበቃ ረቡዕ ሻንጣ ይዘሽ እህትሽ ጋ ደብረ ብርሃን እንደሄድሽ ነገረኝ። የእህትሽን አድራሻ ከጋራዥሽ ነው ያገኘሁት። ተቆጥቼ ነበር፤ አልፎልኛል። በአንቺ ዕድሜ ብሆን እኔም ወደ ደብረ ብርሃን መሸሼ አይቀርም ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ።

በአራት ሰዓት ከሰኚ ጋር ገባን። መርማሪው ወጣት ነው፤ የምለው ነገር መጀመሪያ አልገባውም። ሃያ አንድ ዓመት የቆየ ጥፋት ሊናዘዝ ከባሌ የመጣ ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ሰኚ በወረቀት ላይ ሥዕሉን ሣለችለት፤ ሽቦው ከየት ወዴት እንደሚሄድ። ከዚያ ስልክ ደወለ። ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ባለሙያ መጣ፤ ወይዘሮ አፀደም ተጠሩ።

እኔ እንድነካ አልተፈቀደልኝም። ባለሙያው ፕላስቲኩን አነሳ። ክሩ እንዳሰርኩት ነበር። ቴፑ ሲገለጥ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ወደ ሪሌው የምትሄደው ሽቦ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥላለች። ማብሪያውን አበሩ፤ መብራቶቹ ተነሱ። አራት ሰው ሆነው መኪናዋን ነቀነቋት። ወረዱ። ደግመው ነቀነቋት፤ ተነሱ። ሦስተኛ ጊዜ ወረዱና ሳይነሱ ቀሩ። መርማሪው በስልኩ እየቀረጸ ነበር።

ወይዘሮ አፀደ «እንግዲያው አብርቼው ነበር» አሉ። ለእኛ አይደለም የተናገሩት። ግንቡን ተደግፈው ቁጭ አሉና ቆይተው ተነሱ፤ ወደ እኔ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ቀኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ስድባቸው ሊያመልጠኝ አይገባም። እጄን ይዘው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን አላፈርኩም።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድን። ላጲሶ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ይሆነዋል። እግሩ በብረት ተይዟል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። በአንተ ነው ያናገረኝ፤ ተገቢው ነው።

«ለምን አልበየድከውም?» አለኝ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለቤቱ ሲመለሱ እበይደዋለሁ ብዬ ነው።»

«መብራቱ መቼ መጣ?»

«ከሁለት ሰዓት በኋላ» አልኩት። እውነቴን ነው። አቶ ገረመው ያኔ ከገርጂ ወጥተው ነበር።

በኋላ ትራሱን ከፍ አድርግልኝ አለኝ፤ አደረግሁለት። ሊመሽ ሲል፣ ልንወጣ ስንል፣ ሰኚን ጠርቶ «አባትሽን ይቅር ብዬዋለሁ በይው፤ ጮክ ብዬ መናገር ደክሞኛል» አላት። ነገረችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

የአንቺን ስም ለላጲሶ አላነሳሁም። እንደ ውለታ አትቁጠሪው፤ የእኔ ስላልሆነ ነው ያላነሳሁት። ለመርማሪው «የሠራችው ልጅ የቀረውን ራሷ መጥታ ትነግርዎታለች» ብያለሁ። እሱም መዝገቡን አልዘጋውም፤ ይጠብቅሻል። እኔንም ሲጠሩኝ እመጣለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ማክሰኞ ንጋት ወደ ሮቤ እንመለሳለን። እስከዚያ ከመጣሽ ገርጂ ነኝ። ካልመጣሽም መንገዱን ታውቂዋለሽ።

ጃለታ


ቦሌ አራብሳ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጃለታ፣

እንደምን ሰነበቱ? መንገዱ አልጎዳዎትም? ለሰኚ ያለኝን አክብሮት ይንገሩልኝ፤ ወረቀት ላይ የሣለችውን መርማሪው አሳይቶኛል። እኔ ከምሥለው ይሻላል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እህቴ ገና «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ብላ አልጠየቀችኝም ነበር። ሲደርሰኝ ነገርኳት። ማክሰኞ በመጀመሪያው መኪና መጣሁ፤ በቀጥታ ገርጂ ወረድኩ። ወንድምዎ እርስዎና ሰኚ ከሦስት ሰዓታት በፊት እንደወጣችሁ ነገሩኝ። ደጃቸው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታዬን ፊት ለፊት ልነግርዎ ነበር ያሰብኩት፤ ይኸው በወረቀት ሆነ።

ከዚያው መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። ጥቅሉን እንዳየሁት፣ ለምን እንዳልፈታሁት፣ ስጠየቅም እንዳልተናገርኩ ነገርኩት። ጻፈ። መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ተላልፏል። የወይዘሮ አፀደ ጉዳይ ቀሏል ብሎኛል። የእኔና የእርስዎ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ለመስከረም ሊጠሩን ይችላሉ። የጋራዡ ባለቤት እስከዚያ ሥራ እንዳልገባ ነግሮኛል። አልተከራከርኩትም።

ወይዘሮ አፀደ ዘንድ ለመሄድ አራት ቀን ፈጀብኝ። ነገርኳቸው። ሻይ ስቀዳላቸው አውቅ እንደነበረ ጠየቁኝ። «አውቅ ነበር» አልኩ። ተነስተው በሩን ከፈቱልኝ፤ ወጣሁ። አምስት ቀን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን አዙረው አለፉ። በስድስተኛው ቀን በሬን አንኳኩ። መኪናዋ ተለቃለች። «ሥራውን የጀመርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ጨርሺው። ስለ ሌላው ገና አላሰብኩበትም» አሉኝ። ከሕንፃው ሥር ሠራሁት። አሮጌውን ሽቦ ከማብሪያው እስከ ሪሌው ሙሉ በሙሉ አውጥቼ አዲስ ዘረጋሁ፤ መገናኛውን በየድኩ። የሠራሁትን ሌላ ባለሙያ ፈትቶ እንዲያየው ጠየቅሁ፤ መጥቶ አየው። ከዚያ ወይዘሮ አፀደ ነዱ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። በድንጋይ ንጣፉ ላይ ስምንት ጊዜ ወጥተን ወረድን። መብራቶቹ አንድም ጊዜ አልተኙም። ከቅዳሜ ጀምሮ አቶ ገረመውን ራሳቸው ይወስዷቸዋል። የመጀመሪያውን ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት መስኮት ላይ ቆሜ እስኪያልፉ ጠበቅሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሰው እስኪገቡም ሥራ አልያዝኩም።

ላጲሶን ያየሁት ሐምሌ 27፣ እሑድ ነው። ይዤ የሄድኩትን ብርቱካን በሩ ላይ ለጥበቃው ሰጠሁት፤ በእጄ ይዤ መግባት አፈርኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ለሦስት ሰው ከነገርኩት በኋላ ለእሱ መንገር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሽማግሌውን ይቅር ብዬዋለሁ» አለኝ። «ማንም ሳይጠራው መጣ። አንቺ ከዚህ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እያለሽ አንድ ወር ቆየሽ። ላንቺ ገና ነኝ።»

«እሺ» አልኩት።

«ልቤ ሳይፈቅድ ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

ልነሳ ስል «እሑድ ማንም አይመጣልኝም» አለኝ። ትናንት እሑድ ነበር፤ ሄድኩ። ክራንች ሰጥተውታል። ነርሷ ኮሪደሩን ይመላለስ አለች፤ እሱ በክራንች፣ እኔ በግራ በኩል ሆኜ ሦስት ጊዜ ደርሰን ተመለስን። በሁለተኛው ላይ ደክሞት ትከሻዬን ያዘ። ስለ መብራቱ አላነሳንም። የሆሳዕና እንሰት ከሌላ አገር እንሰት በምን እንደሚለይ ሲነግረኝ ነበር።

አልጋው ላይ ካረፈ በኋላ «ገና ነኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

በሚመጣው እሑድም እሄዳለሁ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኝቻለሁ፤ ይህን ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ነው ዛሬ ወረቀት ያነሳሁት። እርስዎስ እንዴት ይተኛሉ?

ዕፀገነት